በድምፅ ብልጫ የሞቀች መንደር

የፖርትቬዛን መንደር ምክር ቤት በጥቅምት ወር መደበኛ ስብሰባው ሦስት ጉዳዮችን ተመልክቷል። አንደኛው ውሾች በባሕሩ ዳርቻ መንገድ ላይ ጥለውት የሚሄዱት ነገር ነው። ሁለተኛው የሚያፈሰው የአዳራሹ ጣሪያ ነው። ሦስተኛው ደግሞ መንደሯ ከቀዝቃዛው የዓለም ክፍል ወጥታ ወደ ንዑስ ሐሩር የአየር ንብረት እንድትዛወር የቀረበ ሐሳብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከባድና ሰፊ ጥናት የሚጠይቁ ሆነው ስለተገኙ ለሌላ ጊዜ ተላለፉ። ሦስተኛው ግን ሻይ ከመቅረቡ በፊት አለቀ።

ዴንዚል ትሬንጎቭ ያን ዕለት ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ለስብሰባ ፍቅር ኖሮት አይደለም፤ ለምድጃው ነው። ዕድሜውን ሙሉ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል ባሕር ላይ ሸርጣን ሲያጠምድ ኖሮ አሁን ደረቱ የሚያስቸግረው ሽማግሌ ነው። ከአያቱ የወረሰው የድንጋይ ቤቱ ፊቱን ለባሕሩ ሰጥቶ የተሠራ ስለሆነ፣ ግድግዳው ከመስከረም እስከ ግንቦት ያልበዋል። ስለዚህ ብርድ ሲገባ ጠዋት ተነሥቶ፣ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ የመንደሩ አዳራሽ ውስጥ ካለችው አሮጌ የብረት ምድጃ ጎን ይሰየማል። እዚያ ከጎረቤቱ ከላቭዴይ ጋር ካርታ ሲጫወት ይውላል። ትሰድበዋለች፣ ይሸነፋል፣ ይሞቀዋል። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ይኸው ነው። ሐኪሙም ቢሆን "ደረትህን ከብርድ ጠብቅ" ከማለት ሌላ የረባ መድኃኒት አላገኘለትም።

የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሚስተር ሮድሪክ ቦሳንኮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከባሕሩ ፊት ለፊት የእንግዳ ማረፊያ አላቸው፤ ነገር ግን ይህ ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው በስብሰባው መጀመሪያ ላይ በይፋ አስታውቀዋል።

"የተከበራችሁ ነዋሪዎች" አሉ፣ "ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ትሬሉጋን ‹የንዑስ ሐሩር ገነት› የሚል ሰሌዳ ሰቅላለች። እንግዳው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። እኔ ራሴ ሄጄ አይቻታለሁ። ዝናቡ ያው የኛው ዝናብ ነው። እንዲያውም የኛ ይሻላል።"

"የኛ በአግድም ነው የሚዘንበው" አለች ላቭዴይ ካርታዋን ሳትለቅ።

ሚስተር ቦሳንኮ እንዳልሰሙ አለፏትና እንግዳቸውን አስተዋወቁ። እንግዳዋ ዶክተር ናዝሪን ቾውዱሪ ትባላለች፤ እዚያው አውራጃ ተወልዳ ያደገች የአየር ንብረት ሊቅ ናት። ‹የንዑስ ሐሩር ገነት› የሚለውን ማዕረግ የሚሰጠው የሞቃት ዳርቻዎች ማኅበር መርማሪ አድርጎ የላካት እሷን ነው።

"ዘንባባ ተክለን፣ አሸዋውን አጽድተን፣ ዣንጥላ ብንደረድር ይበቃል አይደል?" ሲሉ ጠየቋት።

"አይበቃም። ንዑስ ሐሩር የሚያሰኘው ዘንባባም አሸዋም አይደለም፣ የየወሩ አማካይ ሙቀት ነው። እኛ በምንጠቀምበት አከፋፈል በዓመት ውስጥ ቢያንስ ስምንት ወር፣ አማካዩ አሥር ዲግሪና ከዚያ በላይ መሆን አለበት።"

"እኛ ስንት ወር አለን?"

"ሰባት። ኅዳር ለጥቂት ነው የሚጎድላችሁ።"

"ሌላ አከፋፈል የለም?"

"አለ። ሌላኛው ሊቅ ደግሞ ሞቃቱ ወር ከሃያ ሁለት ዲግሪ ማለፍ አለበት ይላል።"

"ያኛውን ሊቅ አንፈልገውም" አሉ ሚስተር ቦሳንኮ። ምክር ቤቱም ያኛውን ሊቅ አለመፈለጉን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። "ነፋሱስ? ከጎናችን የሚገባው ነፋስ ይቆጠራል?"

"አይቆጠርም።"

"አጥንት ውስጥ የሚገባው ጉምስ? የሚያልበው ግድግዳስ?"

"አይቆጠሩም። መለኪያው ከነፋስና ከዝናብ ተጠልሎ ነጭ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው።"

ሚስተር ቦሳንኮ ፊታቸው አብርቶ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ሰማችሁ? እስከ ዛሬ ብርድ እያልን ስናማርረው የኖርነው ነገር ሁሉ ሒሳቡ ውስጥ የለም!"

"እኛስ ሳጥኑ ውስጥ መግባት አንችልም?" አለች ላቭዴይ።

"ሥርዓት! አሁን የቀረችን ኅዳር ብቻ ናት። ኅዳር ሞቃት ትሁን የምትሉ የምክር ቤት አባላት፣ እጃችሁን አውጡ።"

እጆች ወጡ። አንድ አባል ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ባለፈው ኅዳር ጀልባ ላይ ተንሸራትተው ዳሌያቸውን የሰበሩ ሰው ናቸው፣ የግል ጥቅም ግጭት እንዳይባሉ ነው።

"ሚስተር ቦሳንኮ፣ ሙቀት እኮ በድምፅ አይወሰንም" አለች ዶክተሯ።

"እመቤቴ፣ በዚህ አገር ከዚህ የሚብስም በድምፅ ወስነን እየኖርንበት ነው።"

ዶክተሯ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። በየካቲት ተመልሳ መጥታ መንደሯን እንደምታይ፣ እስከዚያ ግን የነዋሪዎች ምስክርነት ቢሰበሰብ እንደማይጎዳ በጨዋነት ተናግራ ሄደች። በጨዋነት የተነገረ ነገር ፖርትቬዛን ውስጥ ምን እንደሚሆን ልታውቅ ይገባት ነበር፤ የዚያው አገር ልጅ ናት።

በኅዳር፣ ሰማዩ መሬት ላይ ተኝቶ በዋለበት በአንዱ ቀን፣ ሚስተር ቦሳንኮ ምስክርነት ለመሰብሰብ በየቤቱ ዞሩ። የዴንዚልን በር ሲያንኳኩ ዴንዚል ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት እምብርቱ ላይ አስሮ ወጣ። ከኋላው መስኮቱ ያፏጫል።

"እንዴት ነህ ሸጋው! ኅዳር እንዴት ይዞሃል? ይበርድሃል እንዴ?"

ዴንዚል ጥያቄው ገብቶታል። መልሱንም ያውቀዋል፤ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሊናገርለት ነበር። ነገር ግን ፖርትቬዛን ውስጥ ሰው በር ላይ ቆሞ "በርዶኛል" ማለት ጎረቤት ፊት ሱሪ እንደማውለቅ ነው። እዚያ ማዕበል ጀልባውን የወሰደበት ሰው እንኳ "ዛሬ ባሕሩ ትንሽ ተጫዋች ነው" ብሎ ነው ቤቱ የሚገባው።

"አይከፋም" አለ።

"አ-ይ-ከ-ፋ-ም" ብለው ጻፉ ሚስተር ቦሳንኮ። "ሞቃት ማለት ነው።"

ቀጥለው ላቭዴይ ቤት ሄዱ። ይህች ሴት ቄሱን በስብከት መሐል የምታርም ሴት ናት፤ መንደሩ ሁሉ እውነቱን የሚናገር ቢኖር እሷ ናት ይላል። እሷም በሩን ከፍታ፣ ከአፏ ጭስ የመሰለ እንፋሎት እየወጣ "ካምናው ይሻላል" አለች። አንደኛዋ ጎረቤት "ኧረ እንዲያውም" አለች። ሌላው "ምን አለበት" አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሚስተር ቦሳንኮ ውጤቱን ሲያሰሙ፣ ፖርትቬዛን ውስጥ በኅዳር የሚበርደው አንድም ሰው አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በባሕሩ ዳርቻ ካፖርት መልበስ ባይከለከልም፣ በክንድ ላይ አንጠልጥሎ መያዝ እንደሚመረጥ ተነገረ። ምክር ቤቱ "ብርድ" የሚለውን ቃል "መንፈስን የሚያድስ" በሚለው ተካው። መጠጥ ቤቱ ቢራውን በበረዶ ማቅረብ ጀመረ፤ በረዶውን ከደጁ ነው የሚያፍሱት። ሰው ሁሉ ቻለው። መንደሩ ሊያምፅ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጋጋሪው ሥጋና ድንች የሚጠቀለልበት ፓስቲ ውስጥ አናናስ የከተተ ዕለት። በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳቦ ቤት ውስጥ ድምፅ ከፍ ብሎ ተሰማ። አናናሱ በማግሥቱ ተነሣ፤ ሌላው ሁሉ ቀጠለ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ዴንዚል አዳራሹ ሲደርስ፣ ምድጃዋ የነበረችበት ቦታ ላይ የገለባ ኮፍያ የተሰቀለበት እንጨት ቆሟል። ለአፍታ አዳራሽ የተሳሳተ መሰለው።

"ምድጃዋ የት ሄደች?" አላቸው ሚስተር ቦሳንኮን።

"መጋዘን። እንዴ፣ ንዑስ ሐሩር መንደር ውስጥ ምድጃ? ዶክተሯ መጥታ ብታይ ምን እንላታለን?"

"እኔ እዚህ ነበር የምቀመጠው።"

"ተቀመጥ! ማን ከለከለህ?" አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወይስ በርዶኛል ነው የምትለኝ? ‹አይከፋም› ያልከኝ አንተ ነህ። ቃልህን ልታጥፍ ነው? ጎረቤት ምን ይላል?"

ዴንዚል ጎረቤት ምን እንደሚል አሰበ። "ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎ" አለና ወጣ። ያን ሳምንት ሳል ጀመረው።

ኬቨን የመጣው በጥር ነው። ኬቨን ከስፔን በጭነት መኪና የተጫነ ረጅም ዘንባባ ነው። ምክር ቤቱ በባሕሩ ዳርቻ ሰፊ ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ ዙሪያውን በነጭ ድንጋይ አስከብሮ ተከለው። ስም እንዲያወጣለት ሕዝቡ ተጠየቀ። ሚስተር ቦሳንኮ "ግርማዊ" የሚል ስም ተመኝተው ነበር፤ ሕዝቡ ግን በከፍተኛ የድምፅ ብልጫ "ኬቨን" አለው። ሚስተር ቦሳንኮ ውጤቱን አከበሩ፣ ስሙን ግን ከዚያች ቀን ወዲያ በአፋቸው አልጠሩትም።

የምሥራቁ ነፋስ ሲነሣ ኬቨን አንድ ሳምንት አልቆየም። ቅጠሎቹ ጫፋቸው ጠወለገ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኑ፣ ከዚያ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ምክር ቤቱ ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የጣሪያው ውሃ በባልዲ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ሁሉም በእንባ ድምፅ ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ ርኅራኄ በዚያ አዳራሽ ታይቶ አያውቅም። የሴቶች ማኅበር የሱፍ ብርድ ልብስ እንዲሠራለት፣ ምድጃዋም ከመጋዘን ወጥታ ሥሩ እንድትቀመጥ ተወሰነ።

ሚስተር ቦሳንኮ ውሳኔውን ጮክ ብለው አነበቡ። "ኬቨን" የሚለውን ላለማለት እንዲህ አስተካክለውታል፦ "በጉድጓዱ ውስጥ የቆመ ማንኛውም ሕያው ነገር ቀለሙ ሲለወጥ፣ ምክር ቤቱ ሳይውል ሳያድር ብርድ ልብስና ምድጃ ያቀርብለታል።" በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በማግሥቱ ዴንዚልና ላቭዴይ ጎን ለጎን ቆመው ኬቨንን አዩት። እስከ አንገቱ በአረንጓዴ ሱፍ ተጠቅልሏል። እግሩ ሥር ምድጃዋ ቀይ ሆና ትጤሳለች።

"አየህ" አለች ላቭዴይ፣ "እሱ ብርድ ሲነካው ቡናማ ሆነ። አንተ ሰማያዊ ሆነህ ‹አይከፋም› ትላለህ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እኔን ተወኝ፤ ስለ አንተ ነው የምናወራው።"

ምድጃዋ ከሰል የሚጨምርላት ሰው ያስፈልጋት ነበር። ዴንዚል "ሌላ ሰው ከሌለ ብቻ" ብሎ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቱ ይጠበሳል፣ ጀርባው ይቀዘቅዛል፤ በየጊዜው እየተገላበጠ ራሱን ያበስል ጀመር። ላቭዴይ ካርታዋን ይዛ መጣች። ከዚያ የመንደሩ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ፣ በድንገት ያልፉ ይመስል፣ እየመጡ ቆሙ። ሆኖም ሜዳ ሜዳ ነው። ነፋሱ ሙቀቱን ወደ ባሕር ይዞት ይሄዳል፤ የዴንዚልም ሳል አልለቀቀውም።

"ዶክተሯ ስትመጣ ቀጥ ብለህ ንገራት" አለችው ላቭዴይ። "‹ይበርደኛል› በላት። ማዕረጉ ይቀራል፣ ምድጃዋ አዳራሽ ትመለሳለች፣ አንተም ትድናለህ። ና እንለማመድ። በል!"

"ይ..."

"በርታ።"

"ይበ..."

"ጎበዝ! ቀጥል።"

"ትንሽ ነፋስ ቢጤ አለ" አለ ዴንዚል፣ ላብ ግንባሩን አረጠበው። ከታኅሣሥ ወዲህ እንደዚያ ሞቆት አያውቅም።

ሆኖም ልምምዱን አላቋረጡም። በየካቲት ዶክተሯ በምትመጣበት ጠዋት ዴንዚል ቃሉን ሙሉ በሙሉ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለላቭዴይ ሊላት ችሎ ነበር።

ሚስተር ቦሳንኮ ዶክተሯን እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሰው ተቀበሏት። ክንዳቸው ገና የተነጨ ዶሮ መስሏል። በባሕሩ ዳርቻ ሲያልፉ፣ ኬቨን ሥር ተጨናንቀው የቆሙትን ሽማግሌዎች አየች።

"እነዚህ ሰዎች እዚያ ምን ያደርጋሉ?"

"ጥላ ፍለጋ ነው" አሉ ሚስተር ቦሳንኮ።

ዶክተሯ ፀሐይ ወደሌለበት ሰማይ ቀና አለች፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ዴንዚል ሄደች። ላቭዴይ ከኋላው ጎኑን ቆነጠጠችው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጠጋ አሉ። ዴንዚል ደረቱን ነፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዶክተሯ ግን የሰው ልጅ ናት፤ በደንብ ያደገች ናት። ከመጠየቋ በፊት እጇን ዘረጋችለት።

"እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት?"

"አይከፋም" አለ አፉ። ዴንዚል አልነበረም፣ አፉ ነው። "አንቺስ ልጄ?"

ዶክተር ናዝሪን ከንፈሯ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ ጣቶቿ የሙቀት መለኪያውን መጨበጥ አቅቷቸዋል።

"እኔም አይከፋም" አለች።

"መርማሪዋ ራሷ መሰከረች!" ብለው ጮኹ ሚስተር ቦሳንኮ።

ዶክተሯ ለማስተባበል አፏን ከፈተች። ነገር ግን ቃሏን ለማጠፍ ሰው ፊት በርዶኝ ነበር ማለት ሊኖርባት ነው። አፏን መልሳ ዘጋች። ማዕረጉ በመጋቢት ደረሰ። ሰሌዳው ላይ የሽማግሌዎቹ ፎቶግራፍ ተለጠፈ፤ ከሥሩ "ነዋሪዎቻችን በየካቲት ከዘንባባ ጥላ ሥር ሲዝናኑ" ይላል።

ኬቨን በሚያዝያ ሞተ። የገደለው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ግን ስለማይቆጠር ምክር ቤቱ "ተፈጥሯዊ ሞት" ብሎ መዘገበው። ተነቀለ፣ ብርድ ልብሱ ታጠበ፣ ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ። በጥቅምት ስብሰባ ሚስተር ቦሳንኮ የምድጃዋን ጉዳይ አነሡ።

"በዚህ መንደር ብርድ እንደተሰማው በግልጽ ያሳየን ነዋሪ ሟቹ ብቻ ነበር" አሉ። "አሁን ቅሬታ ያለው ስለሌለ ምድጃዋ ትሸጥ እላለሁ። ተቃውሞ?"

ከኋላ የተቀመጠውን ዴንዚልን ሳል ያዘው። ሐኪሙ በነሐሴ ያለው ትዝ አለው፦ "እንዳለፈው ያለ ሌላ የብርድ ወቅት ይህ ደረት አይሸከምም።"

"ሳል ተቃውሞ ነው?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ኧረ አይደለም፣ ይቅርታ" አለ ዴንዚል።

በማግሥቱ ጠዋት ላቭዴይ በባሕሩ ዳርቻ ስታልፍ፣ ዴንዚል በነጭ ድንጋይ በተከበበው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ አገኘችው። ካፖርቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎታል፣ እንደሚመረጠው። እጆቹን ትንሽ ዘርግቷል።

"ምነው ዴንዚል? ምን እየሠራህ ነው?"

"ቆሜያለሁ።"

ላቭዴይ ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሚስተር ቦሳንኮን ልትጠራ ሄደች።

ሚስተር ቦሳንኮ እየሮጡ መጡ። "ውጣ አንተ ሰው! እንግዶች ሊመጡ ነው!"

ዴንዚል እጆቹን ይበልጥ ዘረጋ። ተክል አይናገርም።

"ከንፈሩን እዩት" አለች ላቭዴይ። "ቀለሙ ተለውጧል። ውሳኔያችሁ ‹በጉድጓዱ ውስጥ የቆመ ማንኛውም ሕያው ነገር› ነው የሚለው።"

"ሰው እኮ ነው!"

"ሕያው ነው አይደለም?"

ሚስተር ቦሳንኮ ዴንዚልን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። "ለጊዜው፣ አዎ" አሉ።

ውሳኔውን ለማሻሻል ሐሳቡ በአጀንዳ መያዝ ነበረበት፤ ቀጣዩ ስብሰባ ደግሞ በኅዳር ነው። በጽሑፍ የጸደቀን ነገር መጣስ በዚያ መንደር ከብርድ የከፋ ነው። ስለዚህ ሳይመሽ አረንጓዴው ብርድ ልብስ መጣ። ከኋላው በጋሪ ምድጃዋ መጣች። ነፋሱ ቅጠል እንዳይጎዳ ተብሎ ዙሪያውን የሸራ ግርዶሽ ተተከለለት፤ ለኬቨን ታስቦ የዘገየ ነው።

ላቭዴይ ጫማዋን አራግፋ፣ ወንበርና ካርታ ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ከእሷ በኋላ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ቦታ ስለጠበባቸው፣ ምክር ቤቱ በኅዳር ውሳኔውን በማሻሻል ፈንታ ተጨማሪ ጉድጓዶች ለማስቆፈር ተገደደ። ሚስተር ቦሳንኮ ለሞቃት ዳርቻዎች ማኅበር በላኩት ዘገባ የንዑስ ሐሩር ተክሎቻቸው ከአየሩ ጋር መስማማታቸውን በደስታ ገልጸው፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ከቤታቸው ለምን እንደጠፉ ገና እየተጠና መሆኑን ጠቅሰዋል።

"ሞቀህ?" አለችው ላቭዴይ ያን የመጀመሪያ ምሽት፣ ካርታ እያደለች።

ዴንዚል እግሩን ወደ ምድጃዋ ዘረጋ። ሳሉን ጠበቀው፤ አልመጣም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበና ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ፣ ምንም ሳይዋሽ መለሰላት።

"አይከፋም።"